ቴፗ የበላችው ቃል

አሥራ ስድስት ዓመት ነዳሁ ያችን ኤንትሬ፣
ጋላፊ ደርሼ፣ ከጋላፊ ዞሬ፤
ቴፗ አንድ ካሴት ውጣ፣ አልተፋም ብላ፣
አፏን እንደዘጋች፣ ሳትቀምስ ሌላ።
በቢላ ሞከርኩኝ፣ በሽቦ ጎተትኩኝ፣
ፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ራዲዮ ሠሪ ጋ ወሰድኩኝ፤
«ካሴቱ ከወጣ ቴፑ ይሞታል» አለኝ፣
ደግሞም እየሳቀ፣ «ይዘፍን የለም?» አለኝ።

የአቧራ ባንድ ነበር፣ ሦስተኛው ካሴት፣
የአዳማ ልጆች፣ ከለገሃር ወዲያ ከቆርቆሮ ቤት፤
ቱፋ ይዘፍናል፣ ኑረዲን ይመታል፣
አንዳርጌ በሳክስፎን ለነፋሱ መልስ ይሰጣል፤
ለዚያ ለኛ ነፋስ፣ በጋ ላይ ተነስቶ
ለሚያልፈው፣ በጥርሳችን መሐል አሸዋውን ትቶ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ቃል ትበላለች፣
«እኔማ—» ብላ ጀምራ ጥርሷን ታፋጫለች፣
«—ነበር» ትላለች።
መሐሉን እኔ ሞላሁት።
«እኔማ ቆሜ ነበር፣ አንቺ ዘገየሽ እንጂ»፣
ጎማ ስቀይር፣ ሚዛን ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣
ሚሌ ላይ በሙቀት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ።
ደጃፍ ላይ የቆመ፣ ታጋሽ ሰው መሰለኝ
ቱፋ። ቀናሁበት፤
የትም ቆሜ የማላውቀው እኔ።

ኤንትሬዋ ዘንድሮ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፣
ካሴቱንም ይዛው ሄደች፣ በአፏ እንደጎረሰች።

አዲሱ መኪና ፍላሽ ብቻ ነው የሚበላ።
ረዳቴ ኩመላ፣
ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ «ጋሼ» አለኝ፣
«ያንተን ባንድ ሙሉውን ጫንኩልህ።»
ሙሉውን?
«ከሦስተኛው ወዲህ አምስት አልበም አለ እኮ!»
አምስት።
እኔ እኮ ባንዱ ፈርሷል ብዬ፣
ለቱፋ በልቤ ነፍስ ይማር ብዬለት ነበር።

ወንጂ ማዞሪያ፣ ቦሎቄ ጭነን፣
ሌሊቱን ጋቢና ውስጥ ተቀምጠን፣

አራተኛው ላይ አንዳርጌ የለም፤
ነፋሱ ይጠይቃል፣ መላሽ የለም።
«የት ገባ?» አልኩት ኩመላን። «ማን?» አለኝ።
ያኔ ጥርሱን ይነቅል ነበር፣ ምን ያድርግ።

አምስተኛው ላይ ኑረዲንን ማሽን ተካው፣
ምቱ ሁሉ አንድ ልክ፣ እንደ ፋብሪካ ብስኩት።
አለፍኩት። ተመልሼ ሰማሁት።
አሁንም አልወደድኩት።

ስድስተኛው ላይ የቱፋ ድምፅ አንድ ደረጃ ወርዷል፤
ድሮ ጣራ የሚነካባትን ቦታ ዞሮ ያልፋታል፣
እኔ ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ
መኪናው ላይ ስወጣ እንደማደርገው፣
እጀታውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ።

ስለ ባቡሩም ዘፍነዋል ለካ፣ ፉጨቱ ሲቀር፣
ጣቢያው በር ላይ ሣር ሲበቅል፤
ስለ ቱፋ ልጅም፣ ስለ መጀመሪያ ጫማዋ።
የገዛ ከተማዬ ወሬ
በስንት ዓመቱ በፍላሽ ደረሰኝ።
የኔ ልጅ ስትራመድ አዋሽ ነበርኩ፤
በስልክ ሲነግሩኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣
መሐሉን እኔ ሞላሁት።

ስምንተኛው። መጨረሻው ላይ
ያንኑ የድሮውን ደገሙት፣ በክራር ብቻ፤
ከሩቅ ሳክስፎን ገባ፣
ከኖታው ትንፋሹ የሚበዛ፤
አንዳርጌ! ሽማግሌው አንዳርጌ!
መሪውን ጨበጥኩ። ቃሏ መጣች፣
ቴፕ ያልነካት፣ ጥርት ብላ፦
«እኔማ ሄጄ ነበር፣ አንቺ ዘገየሽ እንጂ።»

ሄጄ።

ሦስት ጊዜ መለስኩት።
አሥራ ስድስት ዓመት ደጃፍ ላይ ያቆምኩት ሰው
ካሴቱ ሳይጀምር መንገድ ገብቶ ኖሯል።

ጎህ ሲቀድ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ነፋሱ ቀድሞን ተነስቷል፣
የወለንጪቲን መንገድ አቧራ ሸፍኖታል።
ያንኑ መለስኩት፣ አብሬም ዘፈንኩ፦
«እኔማ ቆሜ ነበር—»
«ጋሼ፣ ሄጄ ነው የሚለው» አለ ኩመላ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
«አውቃለሁ» አልኩት። «ተኛ።»
ማርሽ ቀየርኩ።