ትርፍ ጭነት

ሃያ ዓመት ስነዳ በጅቡቲ መስመር፣
መኪናው እንጂ እኔ ተመዝኜ አላውቅም ነበር።
ለተሳቢው ጎማ፣ ለሞተሩ ዘይት፣
ስሰጋ ስጨነቅ ሳልተኛ ስንት ሌሊት፤
ለራሴ ግን ጮማ፣ ለራሴ ድራፍት።

«ሆደ ሰፊ ሰው ነው» ሲሉኝ በሰፈሩ፣
ትዕግሥቴ መስሎኝ ነው፤
ለካ ቀበቶዬን ኖሯል የሚሰፍሩ።

ጎሚስታው በዳሳ አንኳኳ፣ ቅዳሜ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፤
ማልያ ወርውሮልኝ፣ «ተነስ፣ ጤና ቡድን እንሂድ።»
ማልያው እምብርቴ ጋ ሲደርስ እምቢ አለ፤
ቁጥሩ ዘጠኝ ነበር፣
ተለጥጦ ተለጥጦ ዜሮ መሰለ።

ከፍራንኮ ማዶ፣ አቧራው ሜዳ ላይ፣
የባንኩ ሥዩም፣ ዳቦ ጋጋሪው ቱሉ፣
እንደ አዳማ ጋሪ ፈረስ ያለከልካሉ።
ሁለት ዙር ቻልኩ፤ ሦስተኛው ላይ ከዳኝ ጉልበቴ፣
እንደ ተነፈሰ ጎማ ተዘረርኩ በደረቴ።
በዳሳ አጎነበሰ፣ ትከሻዬን መታ፤
«ሞተሩስ ደህና ነው፤ ጭነቱ ነው እንጂ።
አራግፈው፣ በዝግታ።»

ስድስት ወር ሆነኝ። ዜሮው ገና ዘጠኝ አልሆነም፤
ጮማም ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጎምጀቴ አልቀረም።
ግን ትናንት ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር
ሳልቀመጥ፣ ሳላቃስት፣ በገዛ እጄ ሳስር፣
ወትሮ የምታስርልኝ ልጄ
በር ላይ ቆማ፣ ዝም ብላ፣ ታየኝ ነበር።