ሦስት ሜትር ወዲህ፣ ሦስት ሜትር ወዲያ

በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሜ ያወጣኋት፣
ጥጓ የተላጠ፣ በጎማ ያሰርኳት፣
ቢጫዋ ጂፒኤስ፣ የቅየሳ ጓዴ፣
ሰድበሪ ደርሼ፣ እንደ ወትሮ ልማዴ
ባትሪዋን ቀይሬ በረንዳ ላይ ስከፍታት፣
አንድ ጥያቄ አላት፦
«ካለፈው ጊዜ ወዲህ እጅግ ርቀሃል ወይ?»
ቶሮንቶ ላይ መኮንኑ «ሥጋ ይዘሃል? ዘር? ገንዘብ?» ነበር ያለኝ፤
ስለ ርቀቴ ያሰበች እሷ ብቻ ናት።
«አዎ»ን ተጫንኩላት።

ሰማዩን ለቀመች፤ ሦስት፣ አምስት፣ ዘጠኝ ሳተላይት ሞላ፣
ያስቀመጥኩባትን የመጨረሻ ነጥብ አወጣች በኋላ፦
«ማሳ 118።»
ቀስቷን ከሐይቁ ማዶ ወደ ምሥራቅ አዙራ
አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በእግር ልትመራ።
መሐል ባሕር መኖሩን አታውቅም፤
ብታውቅም አትጨነቅም።

ኢርማ አይታኝ ሳቀች። ያከራየችኝ ሴት ናት፣ ሰባ ሁለት ዓመቷ፣
ከፊንላንድ መጥቶ ኒኬል ሲቆፍር ነው ያረጀው አባቷ።
ከመሳቢያ የራሷን ጂፒኤስ አወጣች፣
«ነገ እንሂድ» አለች፤
ሰሜን ይህን ያህል፣ ምዕራብ ይህን ያህል የሚል ወረቀት ሰጠችኝ።
«እዚያ ምን አለ?»
«ሣጥን።»
«ውስጡስ?»
«ደብተር፣ እርሳስ፣ አንዳንዴ አዝራር።»
«የማን ነው?»
«ያገኘ ሁሉ ስሙን ይጽፍና እንደነበረ ይቀብር።»

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ መሬት ስለካ
ከሳሽ ተከሳሽ የሌለው ነጥብ አይቼ አላውቅም ለካ።

የማቅለጫው ጭስ ድሮ ያከሰለውን ቋጥኝ ወጣን፤
ኋላ የተተከሉት ዛፎች መሐል ገባን።
ቢንቢው ጆሮዬ ላይ፣ መዝገቡ እንደጠፋበት ባለጉዳይ፣ ይነዘንዛል፤
ቁጥሩ ይወርዳል፦
አርባ ሜትር፣ ሃያ፣ ስምንት፣
ሦስት።
ከዚያ ቀስቷ እንደ ሰከረ ሰው ዞረ፤
«ሲደመር ሲቀነስ ሦስት ሜትር» ከሚለው ላይ ቀረ።
«አኩኩሉ!» ልል ቃጣኝ፤
ከድንጋይ ሥር «አልነጋም» የሚል ያለ መሰለኝ።

ሦስት ሜትር አውቃለሁ።
ጃማ ላይ፣ በጓንጉልና በጌጡ ማሳ መሐል፣ ሽምብራው እንዳበበ፣ ችካል ተክያለሁ።
ወንድማማች ናቸው። ጌጡ «ወሰኑ ከግራሯ ወዲያ ነው» አለ፤
ጓንጉል በእናቱ ማለ።
«መሣሪያ አይዋሽም» አልኩና መዶሻውን አነሣሁ፤
ሲደመር ሲቀነስ የሚባለውን ግን አላወራሁ።
ፀሐይ ነበር። ርቦኝ ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት እናትየው አረፈች፤
በሁለት ድንኳን ተለቀሰች።
ለቀስተኛው መንገድ ላይ ቆመ፣ የቱ ጋ እንደሚገባ ጨነቀው።
እኔም መጥቼ ነበር፤ ከሁለቱም ሳልገባ ነው የተመለስኩት። ማንም አላየኝ፤ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኢርማ ተንበርክካ የድንጋዩን ሽበት በጣቷ ትዳስሳለች፤
«መሣሪያው ሲያቆም ነው ጨዋታው የሚጀምረው» ትላለች፤
«ከዚህ በኋላ እጅ ነው፣ ዓይን ነው፣
‹ይቅርታ፣ እዚያ ጋ መሰለኝ› መባባል ነው።»

ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ክንዴ እስከ ብብቴ አልፎ፣
አሮጌ የጥይት ሣጥን ነካሁ፣ በቅርፊት ተደግፎ።
ደብተሩ ላይ የልጅ እጅ «ዘነበብን፣ ግን አገኘነው» ብሏል።
ስሜን ጻፍኩ፤ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር።
ቀጥሎ የሚመጣው ከስምንት ዓመት በፊት የመጣሁ ይመስለዋል።
አዝራሩን አልወሰድኩም። ከኪሴ የችካል ቀይ ሪባን አገኘሁ፣
አንድ ስንዝር ቆርጬ ተውኩ።

ማታ «ማሳ 118»ን ከፈትኩ። ላጠፋት አልደፈርኩም።
ለስም የምትፈቅደው አሥር ፊደል ነው፤ ይበቃል፣ ብዙ አልፈልግም።
ከቁጥሩ ጎን ደመር፣ ቀነስ፣ ሦስት ጨመርኩ።
ኢርማ ከወጥ ቤት «ሾርባው ቀዘቀዘ» ትላለች።
ሰዓቴን አየሁ፤
እዚያ ሊነጋጋ ነው።