በዚህ አይወጣም

ሆዴን ለክታ፣ የልጁን ልብ ሰምታ፣
ጓንቷን ቀይራ፣ ባትሪዋን አብርታ፣
«አፍሽን ክፈቺ!» — «ኧረ በዚህ አይወጣ!»
አልኳት፤ አዋላጇ ላሚቱም ሳቋ መጣ።

ከአሞራ ገደል ዓሣ ስበልት ነው የመጣሁት፣
የዓሣ ደም መሰለኝ ጓንቷ ላይ ያየሁት።
የድዴ ነበረ።

አማቴ ብላኛለች፦ «ልጅ ሁሉ አንድ ጥርስ ይበላል፣
እኔ ስድስት ወልጄ ስድስት ጎድሎኛል።»
ላሚቱ አልተከራከረች፤ ቡሩሽ ከኪሷ አውጥታ፣
«ጠዋትም» አለችኝ፣ «ማታም፤ በተለይ ማታ።»

«ግግ ነው፣ ይነቀልለት» ቢሉኝ በሬን ዘጋሁ፣
በዘጠኝ ወሩ ለክትባት ይዤው መጣሁ።
ድዱን ልትዳስስ ጣቷን ስታስገባ ነከሳት!

ማታ ለአማቴ ስነግራት
ሳቀች፣ ከት ብላ፣
አፏን ሳትሸፍን በነጠላ።