መስኮት ቁጥር ሦስት

ከብሔራዊ ቴአትር ወረድ ብሎ፣ ከባንኩ ምድር ቤት፣
ጣቴን እርጥብ ስፖንጅ እያስነካሁ ብር የምቆጥርበት፣
መስኮት ቁጥር ሦስት።
ሁለት ተኩል ሲሆን በሩ ይከፈታል፣
ሰልፉ ግን ቀድሞኝ ነው፤ ከአስፋልቱ ይጀምራል።

"መታወቂያ" እላለሁ። "የምስጢር ቁጥር" እላለሁ።
"የላኪ ስም ሙሉውን፣ እስከ አያት" እላለሁ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ቁጥሩን የያዙት
መዳፋቸው ላይ ነው፣ በልጅ ልጅ እስክሪብቶ፤
ሰባቱን ላብ ወስዶት፣ ዜሮው ጅራት አውጥቶ።
እጃቸውን ወደ መብራት ስቤ አሃዝ በአሃዝ ሳነብ
መዳፍ አንባቢ መሰልኩ፣ ዕድል የምተነብይ ለሰው ቤተሰብ።
ከኩዌት፣ ከምንትዋብ፣ መቶ ሰማንያ ዶላር።
"ደህና ናት?" ይሉኛል፣ እኔን፣ አይታት እንደመጣች ቆጥረው።
ስክሪኑ ላይ ስም አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ቀን አለ፤ "ደህና" የሚል ሣጥን የለው።
ቢሆንም "ደህና ናት" አልኩ። ፈረሙ፣ በጣት አሻራቸው።

ይርዳው "ሲሚንቶ ስንት ገባ?" ይለኛል፣ ሲሚንቶ የምሸጥ መስሎት፤
ወንድሙ ጅዳ ላይ የሰው ግንብ ይቀባል፤ የእነሱ፣ ቡራዩ ያለው፣
አራት ክረምት ብረቱን እንዳቀና ቆሟል፣ ዝገት በልቶት።
ሰዓዳ የሆስፒታል ደረሰኝ ይዛ ነው፣ እጥፋቱ የተቀደደ፤
ከሪያድ የመጣው፣ በሳምንት ሦስቴ፣ በአባቷ ደም ሥር ሄደ።

ከኋላዬ ግድግዳ ላይ ሥራ አስኪያጁ ያስለጠፈው
ሥዕል አለ፤ ቀስት ነው፣ አረንጓዴ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሻቅበው።
"ሐዋላ ለሀገር ዕድገት" ይላል ከግርጌው።
የተሰለፈ ሁሉ ቀስቱን ያየዋል። ለእኔ ጀርባዬ ነው።

ባለፈው ሰኔ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ መጥቶ አሠለጠነን፤
"የሚላከው ይበላል እንጂ አይሠራም፤
ፍጆታ ነው፣ ዋጋ ያንራል፣ እጅ ያሰንፋል" አለን።
ማስታወሻ ያዝኩ። ፍጆታ። ከሥሩ አሰመርኩ።
እዚያው እርሳሴ ቆመ፤ ራሴን ቆጠርኩ።

ደብተሬ ፍጆታ። የኮሌጅ ክፍያዬ፣ አምስቱም ሰሚስተር፣ ፍጆታ።
ለቃለ መጠይቁ የተገዛው ይህ ጥቁር ኮት ፍጆታ።
እህቴ ብርቄ ቤይሩት፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ የሰው መስኮት ስትወለውል
እኔ መስኮት አገኘሁ፤ ሒሳቡ በየት መዝገብ ይውል?

ደግሞ ላውራው፣ ማን ይከሰኛል፤
የብርቄ ገንዘብ በዚህ መስኮት አንድ ቀን እንኳ አላለፈም።
እናቴ ከቴአትር ቤቱ ጀርባ፣ ቀበቶና መነጽር ከሚሸጥ ሱቅ፣
ምንዛሪው በጆሮዋ ተነግሯት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው የምትቀበል።
"ልጅሽ ባንክ አይደለች?" ሲላት ባለሱቁ፣
"እሷማ ደመወዝ አላት!" አለችው አሉ፤ ሳቁ።

ስለዚህ ያ ቀስት ሲወጣ እህቴ የለችበትም።
አንዲት ሚሊሜትር አልገፋችውም።
እኔን ግን ገፍታኛለች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት ጠፋ። "ሲስተም የለም" አልን ለሰልፉ።
ቀስቱም ጨለመ፣ ከነጽሑፉ።
ወይዘሮ ደብሪቱ አልሄዱም ለካ፤ ጥግ ላይ፣ ብሩን ሸጉጠው ተቀምጠዋል፤
ተነሡና ወደ መስታወቱ ተጠጉ፤ በጉንጫቸው ሊነኩት ደርሰዋል።
"ልጄ፣ ከዚህ ወደዚያስ፣ ለእሷ የሚላክ የለም እንዴ?
ብር አይደለም። ቃል። 'በቃሽ' የሚል፣ አንዴ።"
"የለም እማማ" አልኩ። "ይሄ መቀበያ ብቻ ነው።"
መዳፋቸውን አዩት። ቁጥሩ አሁንም አለ፣
ግማሹ።

ጣቴን ስፖንጁ ላይ አሳረፍኩ። ደርቋል።
ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፤
"መጣ!" አለ አንድ ሰው ከሰልፉ።