ትርጉም፣ በሌዳሞ ቪዲዮ ቤት

ጃፓንኛ አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀኝ።
ሌዳሞ ማይኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።
መግቢያው ሁለት ብር፣ መቀመጫው አግዳሚ፣
መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ፣ ጨለማ፤
ከአሞራ ገደል የዓሣ ሽታ እየገባ በበሩ፣
ካራቴ ነው ተብለው ስልሳ ሰዎች ታጎሩ።

ካራቴ አልነበረም።
አንድ ቀጭን ሰው ነው፤ ይጽፋል ሌሊቱን፣
ጠዋት ብረት አንሥቶ ይለካል ክንዱን።
ቤቱ ቤት አይደለም፤ ቀለም የተቀባ
ሰሌዳ ነው፣ ለሁለት የሚከፈል ሰው ሲገባ።
ባሕሩ ጨርቅ ነው፣ ዛፉ የወርቅ ወረቀት፤
«ኧረ ውሸት!» አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከፊት፣
«ውኃ እንዲህ አይተኛም።»
ሐይቁ ከጀርባችን ነበር፤ እውነትም አልተኛም።

ስሙ ምላሴ ላይ አልቀመጥ ቢል
«ደራሲው» አልኩት፤ ዝም አለ፣ እንደሚቀበል።
ሚስቱ ስታለቅስ «ጤፍ ተወደደ» አልኩ፤ ሳቁ።
አሳታሚው ሲቆጣ «የቤት ኪራይ!» አልኩ፤ ሳቁ።
መስታወት ፊት ቆሞ ሲያይ ግን ገላውን፣
እንደ ዕቃ፣ እንደ ዕዳ፣
የምለው ጠፋኝ።
ዝምታዬን ሰሙት።

ከዚያ ሰገነት ወጣ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ፤
ከታች ወታደሩ፣ በሰልፍ፣ ተጨናንቆ።
ጮኸ። ስለ ምን ይሆን?
ስለ ክብር? ስለ ንጉሥ? ስለ ጠፋ ዘመን?
እኔ እንጃ። «ወገኖቼ!» አልኩ፤
«ወገኖቼ ሆይ!» ብዬ ደገምኩ፤
ከዚያ ወዲያ ምራቄ ደረቀ።

ሃምሳ አለቃ ወልደየስ፣ ምርኩዙን ተደግፎ
ከጥግ ተነሣ፣ የስንቱን ጉልበት አልፎ።
«ይሄ ሰውዬ» አለ፣ «ወታደር አያውቅም።
ስንት ሰገነት ሥር ቆሜ አንድ ቃል አልሰማሁም፤
የምጠብቀው የምሳ ደወል ነበር።»
ትንሽ ቆየና፦ «የሚጮኸው ግን ከልቡ ነው።
እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ደራሲው ጎራዴውን መዘዘ።
መብራት ሄደ።

ፉጨት። «ብራችንን!» ሌዳሞ በሻማ
አንዳንድ ብር መለሰ፣ እየማለ፣ እየተቆጣ።
ወጣን። አባ ኮዳዎቹ ሾላው ላይ ተኮፍሰው
አንገታቸውን ቀብረዋል፣ እንደ ሰለቸው ዳኛ።
አንድ ልጅ እስከ ጉዱማሌ ተከተለኝ፦
«ሞተ?»
«አላውቅም።»
«አንተ አይደለህ እንዴ የተረጎምከው?»

ካሴቱን ሌዳሞ ለእህቱ ሠርግ ቀዳበት።
ሙሽሮቹ ሲያልቁ፣ ጭፈራው ሲበተን፣
ሁለት ደቂቃ ትቀራለች፦
የጨርቅ ባሕር፣ ሰው የሌለበት፣
አንድ ነጭ ጓንት ወድቆ ዳር ላይ።
እናቱ በየዓመቱ ይጠይቃሉ፦
«ይሄ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?»