መሐል ግድግዳ

አንሙት ታንኳውን አስጠግቶ፣
ባልዲውን ከሐይቁ ሞልቶ፣
ከዓሣ ምርምሩ ጓሮ ያኖርልኛል በማለዳ፤
“ምን ነካው ይሄ ጣና? አረንጓዴ ተቀባ እንደ ግድግዳ!”
ደግሞ በስሜ ይቀልዳል፣ እጁን በሱሪው እያደረቀ፤
“ይታይሽ፣ እስቲ ምን ታየሽ?” ይላል እየሣቀ።

ጠርሙስ ማጠብ ነው ሥራዬ፤
ቅዳሜ ግን፣ ሰው ሲወጣ፣ ማጉያው ይሆናል የኔ።
አንዲት ጠብታ በመስታወት፣
አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት።

ይኸውና።
እርሻ ሳይታሰብ ገና፣
ሳንባ ያለው ፍጡር ሳይመጣ፣
ለሰማይ ትንፋሽ ያዋጣ፤
ፀሐይን በልቶ የሚያድር፣
ከመርፌ ጫፍ የሚያንስ ባላገር።

ዶክተር ይበልጣል ሲያስተምሩ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤
የተማሪ ወንበር የለኝም፣ ጆሮ ግን አለኝ፣ ይዣለሁ።
ግድግዳው፣ ይላሉ፣ እንደ ጭቃ ቤት ነው የሚሠራ፤
ስኳሩ ማገር ተደርድሮ፣ ተራ በተራ፣
አጭር የፕሮቲን ልጥ ማገሩን ከማገር እያሰረ፤
በላዩ የስብ ምርጊት ተጨመረ፤
ከምርጊቱ ውጭ ደግሞ የሚያሙለጨልጭ ካባ።
ከዘመዶቹ ሁሉ የእርሱ ግድግዳ ይወፍራል፤ ጠላት በዋዛ አይገባ።

ሲከፈልም፣
ከውጭ በመጥረቢያ አይደለም፤
ወገቡ ላይ ቀጭን መቀነት ይታጠቃል፤
መቀነቱ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ይጠብቃል፤
ማገሩ ከዳር ወደ መሐል ያድጋል፣ ልጡም ይከተላል፤
መሐል ላይ ሲገናኝ
አንዱ ቤት ሁለት ይባላል።

እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ።
ደምበጫ አይቼዋለሁ።
የአባታችን ዐርባ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ገና፣
ሽማግሌ በገመድ ለካ፣ ወንድሜ ስማቸው ጭቃ አቦካና
ከጓዳ የጀመረ ማገር እስከ ምሰሶው ደረሰ፤
ምሰሶው የማን ይሁን ሲባል፣ የሰው ሁሉ ድምፅ አነሰ።
በሬ አንድ አንድ ደረሰን፤
ጥማድ የሚባለውን ረሳን።
የአባቴ ዳዊት ግን አንድ ነው፤ ዕጣ ተጣለበት፤
ለስማቸው ወጣ።
እኔ ማኅደሩን ወሰድኩ፣ ባዶውን፣ የእጁ ወዝ ያለበት።
ማታ ማታ ከግድግዳው ማዶ ሲደግም እሰማው ነበር፤
አንድ ገጽ ሲያልፍ አውቃለሁ፤
“ዘለልክ” አልለውም ነበር።

ይህች ግን፣ መስታወት ላይ ያለች ደቃቃ፣
ሳትታጠቅ መቀነቷን፣ ሳትነካ ማገር ወይ ጭቃ፣
አስቀድማ መጽሐፏን ትገለብጣለች፤
ፊደል በፊደል፣ መስመር በመስመር፣ ያለ ብራና ትጽፋለች፤
ሁለት ሙሉ ዳዊት ሲሆን
ያኔ ትላለች፦ ግድግዳው ይሁን።
እናት የለች፣ ልጅ የለች፤ ታላቅ የለ፣ ታናሽ፤
ሁለቱም ወራሽ።

ዶክተሩ ደግሞ ብለዋል፦ በእንቁላል ነጭ፣ በሰው እንባ፣
ማገር የሚቆርጥ ነገር አለ፣ ከግድግዳው ውስጥ ከገባ።
አንዲት ጠብታ ከዓይኔ ወደቀች፤ አስቤበት አይደለም፤
ጠብቄ አየሁ። ምንም አልሆነ።
በስብ የተመረገ ቤት በአንድ ጠብታ አይፈርስም።

ከሰዓት አንሙት ባልዲውን ሊወስድ መጣ።
“ይታይሽ፣ ምን ታየሽ?”
“ሲካፈሉ።”
“ኧረ! ተጣልተው ነው?”
“አይደለም። ጽፈው ሲጨርሱ ነው።”
ዝም አለ።
ባልዲውን ወደ ጣና ገለበጠው፣
ከእነ ነዋሪዎቹ።