ቅኝት

ከዩኒቨርሲቲ መጣች፣ ብቸና ድረስ፣
ሠላሳ ቅጽ ይዛ፣ ሠላሳ እርሳስ።
«ኪነት ቡድናችሁ እንዴት ነው ሚመራ?»
ስሟን ነገረችኝ፤ ውባለም ተፈራ።

እኔ አስተባባሪው፣ ማኅተም ያዡ ሰው፣
ድሮ እስክስታ ወራጅ፣
ዛሬ ወረቀት ላይ ወገቤን የማስረው፣
«ስልታዊ ዕቅድ አለ» ሲል አንዱ ጥያቄ፣
«በጣም እስማማለሁ» አልኩኝ ተጠንቅቄ።

ቁጥር አሥራ ሁለት፦ «ግብዓት በጊዜው ይደርሳል።»
ይህን አንማው ይመልስ፤
የማሲንቆው ጭራ ከተበጠሰ ሁለት ወር አልፎታል።
በሞዴል ሃያ ጠይቀን፣
ግዥ ኮሚቴው ተሰብስቦ አለ፦
«የጭራ አቅራቢ፣ ባለ ደረሰኝ፣ ግብር ከፋይ፣ የታለ?
ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ።»
«ከሦስት ፈረስ?» አለ አንማው፣ ሳይቆጣ።

በገበያ ቀን ወርዶ፣ ባለ ጋሪ ለምኖ፣
ከኪሱ ከፍሎ መጣ፣ እፍኝ ጭራ በነጠላው ሸፍኖ።

«እኔ የማደርገው ቅኝት ነው» አለችው።
«እኔም» አላት፤
መቃኛውን ዞር፣ ደግሞ መለስ፣
ጆሮውን ወደ ክሩ ቀለስ።
ቆየ።
ዘፈን አልጀመረም።
ጠበቀችው፣ እርሳሷን አስቀምጣ።

ከአምስቱ ሳጥን አንዱም አልተነካ፤
ከግርጌ ግን «ሌላ ካለ ይገለጽ» የሚል
ባዶ መስመር ነበር ለካ።
እዚያ ላይ አንዲት ጭራ አጋደመ፤
እሷም በስቴፕለር መታቻት፣
ቁጥር ሰጥታ ከቦርሳዋ ከተተቻት።

«የኔን ቅጽ መልሽልኝ፣ እንደገና ልሙላ»
ልል ብወጣ፣
ሚኒባሱ ወደ ደጀን፤
አቧራው ከኋላ።